ስለ አሮጌ ሞተር ቢስክሌት ፍሬቻ፤ ጥፋቱን መርምሮ ስለ ማግኘት

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ ሞተር ቢስክሌት ፍሬቻ መጻፋችን አንባቢዎቻችንን ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን ሞተር ቢስክሌት በገባበት ቤት ሁሉ ነገሩ የነጂው ብቻ አይደለም። ማታ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ እራት ሳይቀርብ ይቈያል፤ ሚስትም ወደ ገበያ፥ ልጅም ወደ ትምህርት ቤት ከኋላ ተቀምጠው የሚሄዱት በእርሱ ነው። ስለዚህ የቤተ ሰብ ነገር ነው ብለን ብንጽፍ ከሥርዓት የወጣን አይመስለንም።

ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያትም ይህ ነው። የእኅታችን ልጅ በደብረ ብርሃን አካባቢ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚዘዋወረው ያማሃ ዲ ቲ 125 በሚባል ሞተር ቢስክሌት ሲሆን፥ ይህም ከእርሱ በፊት ሁለት ሰዎች የነዱት፥ ዕድሜው ከ20 ዓመት ያለፈ፥ ነገር ግን ሞተሩ ገና ብርቱ የሆነ ነው። ባለፈው የካቲት ወር በአንድ እሑድ ማታ፥ ሚስቱን ከኋላው አስቀምጦ ሲመለስ፥ ወደ ደሴ ከሚወስደው ከዋናው መንገድ በግራ በኩል ወደ ቤቱ የሚያስገባው መታጠፊያ ደረሰ። የግራውን ፍሬቻ ከፈተ፤ በዓይኑም ፊት ያለችው ትንሽ መብራት ስትበራ አየና መሪውን ጠመዘዘ። ከኋላው ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ደግሞ በዚያው ቅጽበት ሊቀድመው በግራ ወጥቶ ነበር። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ክላክሱን ሲያስጮህ፥ የእኅታችን ልጅ ደንግጦ ሞተሩን ወደ ዳር ጣለው። የሚስቱ ክንድ ተላላጠ፤ የእርሱም ጕልበት አበጠ፤ ከዚህ የባሰ አልሆነም።

ሾፌሩ ወርዶ ሁለቱን ካነሣ በኋላ፥ «ወንድሜ፥ ፍሬቻ ሳታሳይ እንዴት ትታጠፋለህ?» ብሎ ተቈጣ። የእኅታችን ልጅም «ኧረ አሳይቻለሁ፥ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብሎ ማለ። በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ብዙ ዘመን ስንጽፍ እንዲህ ያለ ክርክር አይተናል፤ ሁለት ሰዎች በተቃራኒ ይምላሉ፥ ሁለቱም ግን እውነታቸውን ነው። በዚህም ነገር እንዲሁ እንደ ነበረ ወደ ኋላ እንገልጻለን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሚስቱ፥ «ወይ ሞተሩ ይሸጥ፥ ወይ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» ብላ ቈረጠች። ሞተሩ ቢሸጥ እንጀራው የሚጐድል መሆኑን ስለምታውቅ፥ ይህን ማለቷ ከልቧ ፈርታ እንጂ ለክርክር አልነበረም። እርሱ በበኩሉ ወደ መለዋወጫ መደብር ሄዶ ፍላሸር የሚባለውን ዕቃ ገዛ፤ አልረዳውም። ሌላ ዓይነት ገዛ፤ ያም አልረዳውም። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ «የሞተሩ ሽቦ ሁሉ ተነቅሎ በአዲስ መዘርጋት አለበት» ብሎ የወር ደመወዙን የሚያህል ዋጋ ነገረው። ይኼን ጊዜ «ጋሼ፥ እርስዎ በወጣትነትዎ እንዲህ ያለውን ነድተዋልና ከመክፈሌ በፊት መጥተው ይዩልኝ» ብሎ በስልክ ለመነን። እኛም መካኒክ አይደለንም፤ ዳሩ ግን አሮጌ ሞተር በየመንገዱ እያስቆመ ያስተማረን ጥቂት ነገር ስለ ነበረ፥ በማግሥቱ ቅዳሜ ሄድን።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ፍሬቻ የተባለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ቀስት፥ ፍላጻ ማለት ነው። የቀድሞዎቹ የአውሮፓ መኪናዎች ሲታጠፉ ከጐናቸው እንደ ፍላጻ ያለች፥ በውስጧ መብራት የተደረገባት ትንሽ ክንድ ብቅ ትል ነበር፤ ቮልስዋገን የተባለው መኪና በአውሮፓ እስከ 1960 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ድረስ ይህችኑ ክንድ ይዞ ቈይቷል። ብልጭ ድርግም የሚለው ግን በአሜሪካ ቀደም ብሎ፥ በ1939 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በቡዊክ መኪና ላይ ታየ። ክንዲቱ ከቀረች ብዙ ዘመን ቢሆንም በእኛ አገር ስሟ ቀርቷል። በአገራችን መኪና ሁሉ በግራ ይሄድ የነበረው ወደ ቀኝ የተዛወረው በ1956 ዓ.ም. ነውና፥ ከዚያ ወዲህ ለነጂ ይልቁንም ለሞተር ነጂ አስጊው መታጠፍ የግራው ሆኗል፤ የሚቀድመውም የሚመጣውም በዚያ በኩል ነውና።

አሁን ስለ አሠራሩ። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው አንደኛ ጫፍ ይነሣል፤ በፊውዝ በኩል ያልፍና ወደ መክፈቻው ቁልፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ፍላሸሩ፥ ከፍላሸሩም በመሪው ላይ ወዳለው የፍሬቻ ማብሪያ ይሄዳል። ማብሪያው ወደ ግራ ሲገፋ ኃይሉ ለግራዎቹ ሁለት መብራቶች፥ ለፊተኛውና ለኋለኛው፥ ወደ ቀኝ ሲገፋ ለቀኞቹ ሁለት ይከፈላል። አምፖሉን አብርቶ ከወጣ በኋላ ደግሞ በሞተሩ ብረት ወይም በመመለሻ ሽቦ ወደ ባትሪው ሁለተኛ ጫፍ መመለስ አለበት። መሄጃው ብቻ ደኅና ሆኖ መመለሻው ቢቈረጥ አምፖሉ ከቶ አይበራም። ብዙ ሰው የሚስተው በዚህ ነው፤ መሄጃውን እንጂ መመለሻውን የሚመረምር ጥቂት ነው።

ፍላሸሩም ምሥጢር የለውም። በአሮጌው ዓይነት ውስጥ፥ ሁለት የተለያዩ ብረቶች እንደ ቅጠል ተጣብቀው ይገኛሉ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ይሞቃል፤ ሲሞቅ አንዱ ብረት ከሌላው አብልጦ ስለሚረዝም ቅጠሉ ይጐብጥና መንገዱን ይቈርጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይቃናና ይገጥማል። ብልጭ ድርግም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ፍጥነቱ በሚያልፈው ኃይል ልክ መሆኑን ልብ ይሏል። በ12 ቮልት ሞተር ላይ እያንዳንዱ አምፖል 21 ዋት ቢሆን ሁለቱ በአንድነት 3.5 አምፔር ይስባሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ግን የሚያልፈው እኩሌታው ብቻ ስለ ሆነ ቅጠሉ ቶሎ አይሞቅም፥ ፍሬቻውም ይዘገያል ወይም ሳይጠፋ በርቶ ይቀራል። ከኤሌክትሮኒክ ፍላሸሮች መካከል ደግሞ አምፖል መቃጠሉን ለማስታወቅ ተብለው በዚህ ጊዜ እንዲፈጥኑ የተሠሩ አሉ።

በግቢው ውስጥ ሞተሩን በእግሩ አቁመን፥ ካቻቢቴ ከማንሣታችን በፊት የእኅታችንን ልጅ ጠየቅነው። «አራቱም ነው የማይሠሩት፥ ወይስ አንድ ወገን፥ ወይስ አንድ መብራት ብቻ?» እርሱም ዝም አለ። ለካስ ሁለት ፍላሸር ገዝቶ፥ ለሁለት ሠራተኛ አሳይቶ፥ ይህን የጠየቀው አልነበረም። ከዚያ ቁልፉን ከፍተን እርሱ ማብሪያውን ሲገፋ እኛ ሞተሩን ዞርነው። የቀኙ ሁለቱም በደንብ ብልጭ ይላሉ። የግራው ፊተኛ ይበራል፥ ነገር ግን እንደ ደከመው ሰው በዝግታ ነው። የግራው ኋለኛ ጨርሶ ጨለማ ነው። «የግራው መዝገሙን አይተህ ኖሯል?» ብንለው «አዎን ጋሼ፥ የደብረ ብርሃን ብርድ ይመስለኝ ነበር» አለን።

እንግዲህ ከዚህች ከአንዲት ምርመራ ምን ያህል ነገር እንደሚገኝ ተመልከቱ። ቀኙ ደኅና ከሠራ ባትሪው፥ ፊውዙ፥ መክፈቻው ቁልፍና ፍላሸሩ ሁሉም ደኅና ናቸው፤ ለግራውም ለቀኙም የሚያገለግሉት እነርሱው ናቸውና። ስለዚህ የተለወጡት ሁለት ፍላሸሮች በከንቱ የተከሰሱ ንጹሓን ናቸው። የግራው ፊተኛ ከበራ ደግሞ የመሪው ማብሪያ ኃይሉን ወደ ግራ እያሳለፈ ነው። ጥፋቱም መንገዱ ለሁለት ከተከፈለበት አንሥቶ እስከ ኋለኛው መብራት ባለው፥ በሽቦው ወይም በአምፖሉ ወይም በማቀፊያው ወይም በመመለሻው ብቻ ነው። «ሽቦ ሁሉ ይነቀል» የተባለው ከአንድ ክንድ ተኩል የማይበልጥ ቦታ ሆነ።

የኋላውን መስተዋት በሁለት ብሎን ፈትተን አምፖሉን አወጣን። አምፖልን በዓይን ብቻ ማመን አይገባም፤ ክሩ የተቈረጠ ሳይመስል የሚያታልል አለ። የሚሻለው ደኅና ከሆነው ወገን ጋር መለዋወጥ ነው። የግራውን በቀኝ ብናስገባው በራ። በዚህም ጊዜ በናሱ ቂጥ ላይ የተጻፈውን ቍጥር ማንበብ ይገባል፤ ከመብራቶቹ አንዱ 21 ዋት ሌላው 10 ዋት ሆኖ ሲገኝ፥ ምንም የተበላሸ ነገር ሳይኖር ፍሬቻው ያነክሳል። የ6 ቮልት ሞተር ላይ የ12 ቮልት አምፖል ማስገባትም እንዲሁ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ይበራል ቢሉ እንደ ሻማ ጭላንጭል ነው።

ከዚያ በኋላ መለኪያውን አመጣን። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፥ ሁለተኛውን በማቀፊያው ውስጥ ባለችው መካከለኛ መንኪያ ላይ ስናደርግ፥ ቍጥሩ ከፊተኛው መብራት ጋር እየተከተለ ወደ 12 ቮልት ይወጣና ይወርድ ነበር። መሄጃው ደኅና ነው። አሁን የመጀመሪያውን ጫፍ ከባትሪው አንሥተን በራሱ በመብራቱ ብረት ላይ አደረግነው፤ ቍጥሩ ባዶ ሆነ። ነገሩ ተገኘ፤ መመለሻው ተቈርጧል። ለማረጋገጥ አምፖሉን መልሰን ከመብራቱ ብረት ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ቍራጭ ሽቦ ብንዘረጋ፥ ጨለማ የነበረው መብራት ወዲያው ብልጭ ማለት ጀመረ፥ የፊተኛውም ዝግታ በዚያው ቀረ። የእኅታችን ልጅ ልጅ የሆነችው የ8 ዓመት ሕፃን በደስታ እጇን አጨበጨበች፤ አባቷ ግን ያወጣውን ገንዘብ እያሰበ ነበር መሰለን፥ ብዙም ደስ አላለው።

መመለሻው ለምን ተቈረጠ? የዚህ ሞተር የኋላ ፍሬቻዎች የፋብሪካው አይደሉም። የቀድሞው ባለቤት ከወደቀ በኋላ ከገበያ የገዛቸው፥ ዘንጋቸው ብረት የሆነ፥ አንድ ሽቦ ብቻ ያላቸው ናቸውና፥ ኃይሉ የሚመለሰው በራሱ በዘንጉና በተያዘበት ብረት በኩል ነው። ለውዝ የሚያህለውን ማሰሪያ ፈትተን ስናይ ከሥሩ ብሩህ ቀይ ቀለም አገኘን። የእኅታችን ልጅ ለገና በዓል ሞተሩ እንዲያምር ብሎ መያዣውን ብረት በሙሉ ቀለም አስቀብቶት ኖሯል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። «ታዲያ ቀኙስ እንዴት ሠራ?» ብሎ ቢጠይቀን፥ ጥያቄው ተገቢ ስለ ነበረ ያንንም ፈታን። በቀኙ በኩል ያለው ሮንዴላ ጥርስ ያለው ዓይነት ነበርና፥ ሲጠብቅ ቀለሙን ነክሶ ከብረቱ ጋር ተገናኝቷል። በግራው ላይ ግን ጥርሳሙ ሮንዴላ ጠፍቶ በለስላሳ ተተክቷል። እንግዲህ ሁለት ነፍስ ለአደጋ ያጋለጠው አንድ የቀለም ቅብና የአንድ ሮንዴላ መጥፋት ነበር።

ማደሱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ አላቀቅን፤ ካቻቢቴ ተንሸራቶ ሁለቱን ጫፍ ቢያገናኝ እሳት ይጭራልና። በአሸዋ ወረቀት ቀለሙን እስከ ነጩ ብረት ድረስ ፋቅነው፤ የዘንጉንም ዝገት እንዲሁ። ጥርሳም ሮንዴላ አግብተን አጠበቅን፥ ዝናብ እንዳይገባበትም ከላይ ጥቂት ግራሶ ቀባን። ይህ ብቻ በቂ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አላመንነውም። የደብረ ብርሃን ጕም ሁለት ክረምት ሳያልፍ መልሶ ያዝገዋል ብለን፥ ከሁለቱም ዘንጎች አንድ ጥቁር ሽቦ አውጥተን ከዋናው የመመለሻ ሽቦ ጋር ቋጠርነው። ከአሁን በኋላ ቢያሻው ሞተሩን ወርቅ ያስቀባው።

ስለ ክርክሩ የገባነውን ቃል እንፈጽም። በነጂው ዓይን ፊት ያለችው ትንሽ መብራት በብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ አንዲት ብቻ ናት፤ አንድ ጫፏ ከግራው መንገድ፥ ሌላው ጫፏ ከቀኙ መንገድ ጋር ተያይዟል። ግራው ሲከፈት ኃይሉ በእርሷ አልፎ በቀኙ አምፖሎች በኩል ይመለሳል። የእርሷ ኃይል ከትልልቆቹ እጅግ ስለሚያንስ እርሷ ትበራለች፥ የቀኞቹ አምፖሎች ግን ጨለማ ናቸው። ስለዚህ የኋላው ፍሬቻ በርቶ እንደ ሆነ ወይም ጠፍቶ እንደ ሆነ እርሷ አታውቅም። የእኅታችን ልጅ መብራቷን አይቶ መማሉ እውነት ነበር፥ ሾፌሩም ምንም አላየሁም ማለቱ እውነት ነበር። ይህን ስንነግራቸው ሚስቱ ዝም ብላ ቈየችና፥ «እንግዲያውስ ያን ሰውዬ ይቅርታ መጠየቅ አለብን» አለች። መኪናውን ግን ያወቀው የለም።

ሥራው በዚህ አለቀ ብለን ስንነሣ፥ በመሪው ላይ ያለው ማብሪያ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይገፋ እንደማይዝ ስለ ተነገረን እርሱንም ከፈትነው። አንባቢዎቻችን በዚህ እንዲጠነቀቁ እንለምናለን። በውስጡ የምስር ፍሬ የምታህል የብረት ኳስና ትንሽ የሽቦ ምንጣሪ አለች፤ ክዳኑ እንደ ተነሣ እንደ ፌንጣ ትዘላለች፥ በሣር ላይ ከወደቀችም አትገኝም። ለዚህ ብለን ከመሪው በታች ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ ብንል፥ የእኅታችን ልጅ ሮጦ ያመጣው የሚስቱን ነጠላ ነበር። ምን እንደ ተባለ አንጽፈውም፤ ጨርቁ በአሮጌ አንሶላ ተለወጠ። በውስጡ ያሉት የናስ መንኪያዎች አረንጓዴ ዝገት ይዘው ነበር፤ ይህም የሚሆነው ሞተር ሲታጠብ ውሃ በኃይል ስለሚረጭበት ነው። በቀጭን የአሸዋ ወረቀት ቀስ ብለን ጠርገን፥ አቧራውን አውጥተን፥ መልሰን ገጠምነው።

ከመቀመጫው ሥር ባለው የፊውዝ ቤት ውስጥ ያገኘነው ግን ከሁሉ ይልቅ አስደነገጠን። በፊውዝ ፈንታ የሲጃራ ወረቀት ብር ተጠቅልሎ ገብቶበታል። ፊውዝ ማለት ሽቦው ሲነካካ አስቀድሞ እርሱ ቀልጦ ሌላውን የሚያድን ነው። የሲጃራ ብር ግን አይቀልጥም፤ ሽቦው ይግላል፥ ልባሱ ይቃጠላል፥ ከበላዩ ያለው ደግሞ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ነው። የቀድሞው ባለቤት አንድ ቀን በመንገድ ላይ ቸግሮት ያደረገው ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በዚህ ሞተር ላይ ሕፃን ተቀምጣበታለች። ወዲያው በፊውዙ ቤት ላይ የተጻፈውን የአምፔር ልክ አንብበን ትክክለኛውን ከመደብር አስመጣን፥ ሁለተኛም ለመጠባበቂያ።

ነገሩ በሌላ ቤት በሌላ መንገድ ይገለጥ ይሆናልና፥ አራቱም ፍሬቻዎች ሲደክሙ ስለሚደረገው ደግሞ እንጻፍ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ብዙ ሰው ግን «የፊት መብራቱ በደንብ ይበራልና ባትሪው ደኅና ነው» ይላል። በብዙ ትንንሽ አሮጌ ሞተሮች ላይ የፊት መብራት ኃይሉን የሚያገኘው ሞተሩ ሲዞር ከሚያመነጨው ነው እንጂ ከባትሪው አይደለም፤ ፍሬቻና ክላክስ ግን በባትሪው ይሠራሉ። ስለዚህ የፊት መብራት ለባትሪ ምስክር አይሆንም። ክላክሱ ድምፁ ሰልሎ እንደ ሆነ እርሱ የሚሻል ምስክር ነው። በመለኪያ ሲታይ የሞላ ባትሪ ሳይሠራ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ተዳክሟል። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ሲሮጥ ደግሞ ከ13 ተኩል በላይ መውጣት ይገባዋል፤ ካልወጣ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፥ ጥፋቱ ከሚሞላው በኩል ነውና። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ በጐኑ ካሉት ሁለት መሥመሮች መካከል እስኪደርስ የተጣራ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይጨመርም። የእኛ ባትሪ 12.5 አሳየን፤ አመሰገንነው።

የ6 ቮልት ሞተር ያላቸው ሰዎች ደግሞ ከሌላው አብልጠው ንጽሕና መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ለሁለት የ18 ዋት አምፖሎች 6 አምፔር ያስፈልጋል፥ የኃይሉም ግፊት አነስተኛ ስለ ሆነ፥ በ12 ቮልት ላይ የማይታወቅ ጥቂት ዝገት እዚያ ፍሬቻውን ያጠፋዋል።

ሽቦ የሚቈረጠው አብዛኛውን ጊዜ መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ነው፤ ፍሬቻውን ከፍቶ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ ቢመለከቱት፥ በአንድ በኩል እየጠፋ ከበራ ቦታው ታወቀ። በቀለም መከተልም ይቻላል። በያማሃ ላይ ለግራ ጠቈር ያለ ቡናማ፥ ለቀኝ ጠቈር ያለ አረንጓዴ፥ ለመመለሻ ጥቁር ነው። በሆንዳ ላይ ግን ለግራ ብርቱካን፥ ለቀኝ ፈዛዛ ሰማያዊ፥ ለመመለሻ አረንጓዴ ሲሆን፥ ጥቁሩ ከቁልፉ በኋላ ኃይል የተሸከመው ነው። በያማሃ የለመደ ሰው በሆንዳ ላይ ጥቁሩን መመለሻ መስሎት ከብረት ጋር ቢያገናኘው ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም፤ ፊውዙ እውነተኛ ከሆነ ፊውዙ ይቃጠላል፥ የሲጃራ ብር ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይቃጠላል።

በዚህ መካከል አንድ ጎረቤት ሥራችንን አይቶ ሞተሩን እየገፋ መጣ። እርሱ አራቱንም አምፖሎች አውጥቶ ኤል ኢ ዲ የሚባሉትን አዲሶቹን አስገብቶ ነበር፤ ብርሃናቸው ያማረ ነው፥ ነገር ግን በርተው ይቀራሉ እንጂ ብልጭ አይሉም። አንባቢዎቻችን ከላይ ስለ ቅጠሉ መሞቅ የጻፍነውን ካስታወሱ ምክንያቱን አስቀድመው ያውቁታል። ኤል ኢ ዲ የሚስበው ኃይል ከአሮጌው አምፖል እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ቅጠሉ አይሞቅም። መድኃኒቱ ፍጥነቱ በአምፖል ኃይል የማይመራ የኤሌክትሮኒክ ፍላሸር መግጠም ነው፤ እንዲህ ያለውም በብዙው ሦስት እግር አለው፥ ቢ የተባለው ለባትሪ፥ ኤል የተባለው ለመብራት፥ ኢ የተባለው ለመመለሻ። እንደ ዕድል የእኅታችን ልጅ መጀመሪያ የገዛውና በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ፍላሸር ይህ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ጎረቤቱም በተገዛበት ዋጋ ወሰደው። የሚስቱም ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ ያለው በዚህ ጊዜ ነበር።

ዳሩ ግን ከገጠመው በኋላ ግራውን ሲከፍት አራቱም በአንድነት ብልጭ ማለት ጀመሩ። ይህም የዚያችው የአንዲቷ መብራት ሥራ ነው። በእርሷ በኩል ወደ ቀኝ የሚያልፈው ጥቂት ኃይል አሮጌዎቹን አምፖሎች አያበራም ነበር፥ ኤል ኢ ዲዎቹን ግን ለማብራት ይበቃል። ለጊዜው ትንሿን አምፖል አወጣንለት። የሚሻለው ግን ኃይልን በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ዳዮዶች፥ በገበያ 1 ኤን 4007 የሚባሉት፥ አንዱን ከግራው አንዱን ከቀኙ ወደ መብራቷ አያይዞ፥ ሌላውን ጫፏን ወደ መመለሻው ማድረግ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻውን ምርመራ አደረግን። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኤኮኖሚ ኮሚሲዮን ያወጣው ደንብ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 ያላነሰ ከ120 ያልበለጠ ብልጭ እንዲል ያዛል፤ ስለዚህ በ15 ሰከንድ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ቢቈጠር ደኅና ነው። ሰዓቱን እኛ ያዝን፤ ሕፃኒቱ ቈጠረች፤ ለግራው 21፥ ለቀኙም 21 አለች። እናቷ ግን በቍጥር አልረካችም። በፋሻ የታሰረውን ክንዷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ መንገዱ ወጣች፥ ከሠላሳ እርምጃ በላይ ሄዳ ዞራ ቆመች፥ ባሏም ማብሪያውን አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ሲገፋ፥ ከዚያ ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ግራ፥ ቀኝ» ትለው ጀመር። አንድም ጊዜ አልሳተችም። ሲመለሱ፥ «ይህን በየሳምንቱ ቅዳሜ እኔው ነኝ የማየው» አለችው፤ እርሱም እሺ አለ።